የእንግዶቹ መዋጮ
ጥር 23 ቀን ለሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ እንበል፦ «መዋጮ የከፈሉ ፈረሰኞችና እንግዶች ይገባሉ።» እንግዳውም ይከፍላል? ጸሐፊው ሐሳቡን አስቀድሞ ስለሚያውቀው አሥር ጊዜ ቢያነበው ችግሩ አይታየውም። ሥርዓተ ነጥብ የተማረ አራሚ ግን «የከፈሉ» የሚለው ቃል እስከ የት እንደሚደርስ ይጠይቃል፤ ነጠላ ሰረዝ ብቻውን እንደማይበቃ ሲያይም ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል፦ «እንግዶች፣ እንዲሁም መዋጮ የከፈሉ ፈረሰኞች ይገባሉ።» እኔ እርማት የምጀምረው ከፊደል ግድፈት ሳይሆን ከአራት ነጥብ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር፣ «ከዳንግላ ተነሥቶ፣ ኮሶበር ገብቶ፣ ተመልሶ» እያለ ግማሽ ገጽ የሚጋልብ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱን መንገድ ላይ ይጥላል (የፈረሱ ነገር ተጋባብኝ መሰለኝ)። ከአራት ነጥቡ ወደ ኋላ ስቆጥር ማን እንደተነሣ፣ ማን እንደተመለሰ ይለያል፤ በድርብ ሰረዝ የሚያያዘውንም ከሚቆረጠው የምለየው ያኔ ነው። ልጆች ሳለን «ትንፋሽ ሲያጥርህ ነጠላ ሰረዝ ጣል» ይሉን ነበር፤ ታዲያ ትንፋሹ የማያጥር ሯጭ ቢጽፍስ?