የለበሱት ማሊያ አይቆረጥ

በ2003 እ.ኤ.አ. ዶንረስ የተባለ የአሜሪካ የስፖርት ካርድ አሳታሚ አንድ አሮጌ ማሊያ በጨረታ በ264,210 ዶላር ገዛ። ማሊያው የስመ ጥሩው የቤዝቦል ተጫዋች የቤብ ሩት ነበር፤ በ1920ዎቹ ለኒውዮርክ ያንኪስ ሲጫወት የለበሰው፣ ከሱፍ የተሠራ። ሩት ለብሷቸው እንደተጫወተ በወቅቱ ከሚታወቁት ሦስት ማሊያዎች አንዱ ነው ይባል ነበር። ኩባንያው ይህንን ማሊያ ወደ 2,100 ቁራጭ እንደሚቆራርጠው አስታወቀ። እያንዳንዷ ቁራጭ በወፍራም ካርድ መሀል በተበጀላት ትንሽ መስኮት ውስጥ ትገባለች፤ ካርዱም ታሽጎ ይሸጣል። ገዢው ፓኬቱን እስኪከፍት ድረስ ምን እንደደረሰው አያውቅም።

ይህ ገበያ በቤዝቦል የተጀመረው ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. አፐር ዴክ የተባለ ኩባንያ የኬን ግሪፊ ጁኒየርን፣ የቶኒ ግዊንንና የሬይ ኦርዶኔዝን ማሊያ ቆራርጦ ካርድ ውስጥ አስገባ። ነገሩ ተወደደ፤ በቅርጫት ኳስና በበረዶ ሆኪ፣ ቆይቶም በእግር ኳስ ተስፋፋ። ክርክሩም አብሮት ተስፋፋ። ገሚሱ "የታሪክ ቅርስ በመቀስ ጠፋ" ይላል። ገሚሱ ደግሞ "አንድ ሀብታም ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ከሚቀር ለሺህ ሰው ይድረስ" ይላል። ሒሳቡ የሁለተኞቹን ወገን ያግዛል፤ የማሊያው ዋጋ ለ2,100 ሲካፈል ለአንዱ ቁራጭ 126 ዶላር ገደማ ነው።

ከተማችን ሆሳዕናን ይህ ምን አገባት የሚል አይጠፋም። እኔም ርቆ ያለ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ወጣት የሀዲያ ሆሳዕና እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ የሚከተለውን እስኪለኝ ድረስ። "ጋሼ፣ እነዚህ የቀድሞ ማሊያዎች በየሰዉ ቤት ተጣጥፈው ከሚበሰብሱ ቆራርጠን በፍሬም ብንሸጣቸው ለክለቡ ስንት ብር ይገባ ነበር! ጆሃንስበርግ ያሉት ልጆች ብቻ ይጨርሱታል።" ልጁ ይህን ያለው ከልቡ ነው። ክለቦቻችን የመንግሥትን በጀት እየጠበቁ እንደሚያድሩም ያውቃል። ስለዚህ በችኮላ "ተው" ብዬ ልዘጋው አልፈለግሁም፤ ነገሩን ሳብሰለስለው ሰነበትኩ።

አንድ ጎረቤቴ ከ2008 ዓ.ም. የቀረ ማሊያ አለው። ያ ዓመት ሀዲያ ሆሳዕና በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተበት፣ በዚያው ዓመትም የወረደበት ነው። ማሊያውን አስፈቅጄ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር በካውያ የተለጠፈ ነው፤ የታችኛው ጠርዝ ተላቆ ኖሮ ከማሊያው ቀለም ጋር በማይሄድ ክር በእጅ ተሰፍቷል። መናኸሪያው አካባቢ የነበረ ልብስ ሰፊ የሰፋው እንደሆነ ጎረቤቴ ነገረኝ። በግራ ትከሻው በኩል ክሩ ተስቦ ተንዘርዝሯል፤ ተከላካይ የያዘው ቦታ ነው። ብብቱ ላይ ያለው የላብ ምልክት በእጥበት አልለቀቀም። ኮሌታው ውስጥ በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ፊደል አለ፤ ከእጥበት በኋላ የማን እንደሆነ እንዳይምታታ የትጥቅ ክፍሉ ሰው የጻፈው ነው።

አሁን ይህን ማሊያ ሁለት ሳንቲ ሜትር በሁለት ሳንቲ ሜትር እያደረግን እንቁረጠው። ፊደሉ ለአንዱ ይደርሰዋል፤ ባለ ሌላ ቀለሙ ክር ለሌላው፤ የተሳበው ትከሻ ለሦስተኛው። የቀረው ከሺህ የሚበልጥ ቁራጭ ግን ልባሽ ተራ ከተከመረው ጨርቅ አይለይም። አንድ ክለብ ታላቁ ሊግ ገብቶ ቁጥሩን በሰፈር ልብስ ሰፊ እያስጠገነ እንደተጫወተ የሚነግረን ቁጥሩ፣ ክሩና ፊደሉ አንድ ጨርቅ ላይ አብረው ስላሉ ነው። ከተለያዩ ወሬያቸው ይቆማል። የትኛውም ባለ ካርድ የደረሰው ቁራጭ ስለዚያ ዓመት አንዲት ቃል አትነግረውም።

የዓለማችን ዝነኛ ማሊያ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማራዶና በ1986 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ላይ በእጁም በእግሩም ያገባበትን ሰማያዊ ማሊያ አርጀንቲናዎች የገዙት ጨዋታው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ነው። የፌዴሬሽኑ አርማ በጥድፊያ ተሰፋበት፤ ብርማ ቁጥርም በካውያ ተለጠፈበት። ማሊያውን ከጨዋታው በኋላ የተቀያየረው እንግሊዛዊው ስቲቭ ሆጅ አልቆረጠውም። ለረጅም ዓመታት ማንችስተር ባለው ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም በውሰት አስቀምጦ ሕዝብ እንዲያየው አደረገ። በ2022 እ.ኤ.አ. ለጨረታ ሲቀርብ የማራዶና ቤተሰብ "ይህ የመጀመሪያው አጋማሽ ማሊያ ነው" ብሎ ተከራከረ። አጫራቹ ሶዝቢስ የአርማውን አቀማመጥ፣ የመስመሮቹንና የቁጥሮቹን ዝርዝር ከጨዋታው ፎቶዎች ጋር አስተያይቶ፣ ጎሎቹ የገቡበት ይኸው ነው አለ። በ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ተቆራርጦ ቢሆን ኖሮ በምን ይረጋገጥ ነበር? አንድ ጣት የምታክል ሰማያዊ ጨርቅ ከየትኛው ፎቶ ጋር ትመሳከራለች?

የካርድ ገበያውም የደረሰው እዚያው ነው። ብዙዎቹ ካርዶች ዛሬ ጀርባቸው ላይ የሚጽፉት፣ ውስጥ ያለው ጨርቅ ከየትኛውም የተለየ ጨዋታ ወይም ዓመት ጋር እንደማይያያዝ ነው። ተጫዋቹ ለፎቶ ሲቀመጥ ለጥቂት ደቂቃ ያጠለቀው ማሊያም ይቆረጣል። ያልታወቀ ጨዋታ፣ ያልታወቀ ቀን፤ ለዚህ ሲባል መቀስ መነሳቱ እኔን በጣም ያሳዝነኛል።

የለበሱትን ልብስ ቆራርጦ ለማስታወሻ መውሰድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንድ ጊዜ ደርሶብናል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ወታደሮች አስከሬናቸው ላይ ተረባርበው ልብሳቸውን እየቀደዱ ተከፋፈሉት። ይህንን ከዘመቻው ጋር የነበሩ እንግሊዛውያን ራሳቸው ጽፈውታል። ከራሳቸው ላይ የተወሰደው ፀጉር ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ከቆየ በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ሸሚዛቸውን ግን ማን ይመልሳል? በየወታደሩ ኪስ የገባ ብጣሽ ተሰብስቦ ሸሚዝ አይሆንም። ወራሪ የቀደደውንና ደጋፊ በፍቅር የሚቆርጠውን አንድ አላደርግም፤ በደሉ የተለያየ ነው። ጨርቁ ላይ የሚደርሰው ግን አንድ ነው።

ከወጣቱ ክርክር ውስጥ የከበደኝ የጆሃንስበርጉ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሰው ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። በጥር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ በቅተው ከዛምቢያ ጋር አንድ እኩል ሲለያዩ፣ ስታዲየሙን በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ካደመቁት መካከል የእኛው ልጆች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚውል፣ አገሩን ስንት ዓመት ያላየ ልጅ የከተማውን ክለብ ማሊያ ቁራጭ ግድግዳው ላይ ቢሰቅል ማን ይነቅፈዋል? እኔ አልነቅፈውም። ሆኖም ያ ልጅ የናፈቀው ሆሳዕናን ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚያየው ሙሉ ማሊያ ከሌለ ግድግዳው ላይ ያለው ቁራጭ የምን ቁራጭ ሊባል ነው? ለእሱ የሚላክለት አዲስ የተሠራ፣ የክለቡ ማኅተም ያለበት ማሊያ አለ። የልምምድ ልብስም አለ። የዘንድሮው ትጥቅ ሲበዛ ትርፉ ተቆርጦ ቢሸጥ፣ ገቢውም ለክለቡ ቢውል እኔም እገዛለሁ። ከአንድ ዓመት ቡድን አንድና ሁለት ብቻ የቀረውን ግን መቀስ አይንካው።

አሜሪካኖቹ ሊቆርጡ የቻሉት ብዙ ስላላቸው ነው። ሩት እንኳ ሌላ ማሊያ ነበረው፤ በ1932 እ.ኤ.አ. በቤዝቦሉ የፍጻሜ ውድድር (ወርልድ ሲሪስ) ላይ የለበሰው በ2024 እ.ኤ.አ. በ24 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የእኛ ስንት ነው? ሀዲያ ሆሳዕና ወደ ሊጉ የተመለሰበት የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰርዞ ያለ ሻምፒዮን ቀረ፤ ከዚያ ዓመት የሚዳሰስ ነገር ካለ ማሊያው ነው። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በዲኤስቲቪ እየተላለፈ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ከጀመረ በኋላ ነብሮቹን፣ ሀዲያ ሆሳዕናዎችን፣ እዚህ ሆነን ለዓመታት ያየናቸው ባብዛኛው በቴሌቪዥን ነበር። ለአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ጎረቤት ሆኖ ያደገ ሕፃን ክለቡ በሊጉ የለበሰውን ማሊያ በቅርብ ሳያይ ትምህርት ቤት ገብቷል። ስሙን ከዱራሜ አናት ካለው ተራራ የወሰደው የከምባታው ክለብ ሀምበሪቾ ዱራሜ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. አድጎ በ2016 ተጫውቶ ወረደ። የአንድ ዓመት ታሪክ ነው። ያ የ2016 ማሊያ ዛሬ ዱራሜ ውስጥ በተጫዋቾች፣ በወጌሻውና በደጋፊዎች ቤት አለ። አሥር ዓመት ቆይተን ብንፈልገው ግማሹ የቤት መወልወያ ሆኖ ይጠብቀናል።

ስለዚህ ለሁለቱም ክለቦችና ለዞኖቹ የባህልና የስፖርት መምሪያዎች የምጠይቀው ከየዓመቱ ሁለት ማሊያ እንዲያስቀሩ ነው፤ አንድ የሜዳ፣ አንድ ከሜዳ ውጪ። ማስቀመጫው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ይመቻል፤ ሆሳዕና ዋናው ግቢ አለው፣ ዱራሜም ካምፓስ አለው። አንድ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ለመጀመሪያ ይበቃል። መስከረም ላይ በያሆዴና በመሳላ በዓላት ሰዉ ሁሉ ወደ ቀየው ሲሰበሰብ ማሊያዎቹ ወጥተው ይታዩ፤ ሾኔም፣ ጃጁራም፣ ሺንሺቾም፣ ዶዮገናም ይዙሩ። ወጣቱ እንዳለው ለሁሉም ይድረስ፤ ግን ሙሉውን።

ማሊያ ያላችሁ ደግሞ መምሪያ እስኪጠራችሁ አትጠብቁ። ከዚህ በኋላ አትጠቡት፤ ላቡም ጭቃውም የጨዋታው ነው። በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ይታፈናል። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ቀለሙ ይለቃል። የተለጠፈው ቁጥር በእጥፋት ይሰነጠቃልና ዘርግታችሁ በነጭ ነጠላ ሸፍኑት። አንድ ወረቀት ላይ ማን እንደለበሰው፣ ከማን ጋር በተደረገ ጨዋታ፣ መቼና የት እንደሆነ፣ የጠገነው ሰው ካለም ስሙን ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ጎረቤቴ የራሱን ወረቀት ጽፎ ጨርሷል፤ ቁም ሣጥኑ ከተሠራ ማሊያውን እንደሚሰጥም ቃል ገብቷል። የ2012ቱን ሆሳዕና፣ የ2016ቱን ዱራሜ የያዛችሁ ብትኖሩ በዚህ ዓምድ በኩል አሳውቁኝ።