ቃል ማጠፍ እና ራስን መጠበቅ

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.፣ ከአንኮበር ቁልቁል በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከሸዋው ሰው ጋር ይገበያዩ ነበር። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያዎች የማርያ ቴሬዛን ብር የሚቀበል ሰው፣ በሴቲቱ ምስል ጌጥ ላይ ያሉትን ፍሬዎች አንድ በአንድ ይመረምራል፤ የደበዘዘ ወይም የጎደለ ሆኖ ካገኘውም ለባለቤቱ ይመልሳል። የተሸረፈ አሞሌም እንደ ሙሉው አይቆጠርም። መርምሮ መመለስ የገበያ ሥርዓት ነበርና፣ ብሩን የመለሰውን ሰው ቃል አጣፊ የሚለው አልነበረም።

ዛሬ ገበያው መልኩን ለውጧል። የደብረ ብርሃን ነጋዴ በሱቁ ተቀምጦ በእጅ ስልኩ በሚካሄድ ጨረታ ዋጋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የተቋቋመው ኢቤይ የተባለው የጨረታ ገበያ፣ የተሰጠ ዋጋ እንደ ተሰጠ ቃል እንዲጠበቅ ይደነግጋል፤ ሆኖም ገዢው አኃዙን ተሳስቶ ጽፎ እንደሆነ፣ ወይም የዕቃው መግለጫ ከዋጋው በኋላ በብርቱ ተለውጦ እንደሆነ፣ ዋጋውን እንዲያነሣ ይፈቅድለታል። በቴሌግራምና በፌስቡክ በሚደረገው ጨረታ ግን ብዙ ጊዜ አጫራች፣ አዳራሽም ሆነ ደንብ የለም፤ ያለው ፎቶግራፍና የስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ያገለገለ የስፌት መኪና በእንዲህ ያለ ጨረታ አሸነፈ እንበል። ጨረታው እንዳለቀ ሻጩ፣ «ገንዘቡ ዛሬ ማታ ካልገባ ለሌላ እሸጠዋለሁ» ሲል ይጽፍለታል። የባንክ ሒሳቡ በሌላ ሰው ስም ነው። መኪናው ትናንት መርካቶ ነበረ፤ ዛሬ አዳማ ነው ይባላል። ሲሠራ አሳየኝ ቢለው ምክንያት ይደረድራል። ልብስ ሰፊው በልቡ ይጠራጠራል፤ ነገር ግን ዋጋ ሰጥቶ መቅረትን ነውር አድርጎ ያየዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። አታላዩ የሚነግደው በስፌት መኪና ሳይሆን በሰው ይሉኝታ ነውና።

አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ይኸውም የሻጩን የንግድ ፈቃድ፣ ከሻጩ ስም ጋር የሚስማማ የባንክ ሒሳብ፣ እንዲሁም ዕቃውን ራሱ ወይም ወኪሉ ከክፍያ በፊት እንዲያየው መፍቀዱን። የቤት ዕቃውን የሚሸጥ ግለሰብ ፈቃድ ባይኖረው አያስነቅፈውም፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን ቅን ሻጭ ያለ ችግር ይፈጽማቸዋል። እምቢ ያለ እንደሆነ ውሉን ያናጋው ሻጩ ነው እንጂ ገዢው አይደለም።

ሕጉም ለገዢው በሩን አልዘጋበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1704፣ አንዱ ወገን በተንኮል ባይታለል ኖሮ የማይገባበትን ውል ማፍረስ እንደሚቻል ይደነግጋል፤ የማፍረሻው ክስም ምክንያቱ ከቀረ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ቀብድን በሚመለከት ደግሞ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ነገር ግን ስሙና አድራሻው ከማይታወቅ ሰው እጥፉን ማስመለስ በወረቀት ላይ የሚቀር መብት ነው። ስለሆነም ዕቃው ሳይታይ ቀብድ አለመላክ ከሁሉ ይሻላል።

የአተዋወቱም መንገድ ቁም ነገር ነው። ድምፅን አጥፍቶ መሰወር ቅን ሰውን ከአታላይ ጋር ያስተካክላል። ገዢው ወዲያውኑ፣ በጽሑፍ፣ «የጠየቅሁትን ስላላሟላህልኝ ግዢውን ትቻለሁ» ብሎ ምክንያቱን ያስታውቅ፤ የተለዋወጡትንም መልእክት ይጠብቅ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለእንዲህ ያለው መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል። ገንዘቡ አስቀድሞ ተልኮ እንደሆነ ለባንኩና ለፖሊስ በዚያው ሰዓት ማመልከት ይገባል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብርም ሆነ በባንክ የሚላክ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው በቅጽበት ስለሆነ፣ የአንድ ሌሊት መዘግየት ሁሉን ሊያሳጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ ዋጋ ሰጥቶ ሌላ ቦታ ረክሶ ስላገኘ ብቻ የሚቀር ገዢ ምክንያት አለው ማለት አይደለም። ሻጩ እርሱን አምኖ ሌሎቹን ተጫራቾች አሰናብቷል፤ ጊዜውም ባክኗል። እንዲህ ያለው ሰው በእውነት ቃሉን አጥፏል፤ ነገ እርሱ ሻጭ በሆነ ጊዜም ይኸው ይደርስበታል።

ነገሩ የሰሜን ሸዋን ነጋድያን በሁለት ወገን ይነካል። በጉንና ባናውን ለሩቅ ሰው ለመሸጥ የሚሻ የደብረ ብርሃን ነጋዴ፣ ፊቱን ላላየው ገዢ እርሱም ተጠርጣሪ ነው። ሲጠየቅ መቆጣት አይገባውም፤ ይልቁንም ሳይጠየቅ ፈቃዱን ማሳየት፣ በስሙ በተከፈተ ሒሳብ መቀበልና ዕቃውን ማስመርመር ትርፉን ያበዛለታል። የንግድ ምክር ቤትም ሩቅ ያለ ገዢ ጠይቆ እገሌ አባል መሆኑን የሚያረጋግጥበት አንድ የስልክ መስመር ቢያዘጋጅ፣ በጥቂት ድካም ብዙ ገንዘብ ከጥፋት ይድናል። ብሩን ገልብጦ ማየት በአልዩ አምባ ዘመን ነውር አልነበረም፤ ዛሬም ሊሆን አይገባውም።