የእድር ጥሩምባና ቴሌግራም

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው ሲበተን፣ የእድር ጥሩምባ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው የማይደርስ ሆነ። ድሮ ጥሩምባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ይዞር፣ ለቀስተኛውም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣ ነበር። አሁን የትናንቱ ጎረቤት በሁለት ታክሲም አይደረስበትም። ታዲያ በምን ይጠራራ?

እኛ በቴሌግራም እንላለን። ቴሌግራም ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ወዲህ ማንም ሰው በነጻ ቦት እንዲያበጅ ፈቅዷል። ቦት ማለት የታዘዘውን መልእክት በታዘዘው ሰዓት የሚያደርስ ተላላኪ ነው። ቦትፋዘር ከሚባለው ዘንድ ስም አስመዝግቦ ረጅም ቁልፍ መቀበል፣ ቁልፉን ከአጭር ፕሮግራም ጋር ማገናኘት፤ በቃ! ቁልፉ ግን እንደ እድሩ ካዝና ቁልፍ ይጠበቅ። ያገኘው ሁሉ በእድሩ ስም ያልሞተውን ሞተ ብሎ ሊለፍፍ ይችላላ።

ደግሞስ ቦቱ አስቀድሞ ራሱ ላልከፈተው ግለሰብ መልእክት አይልክም። ተራ ስልክ የያዙት እማማዎች ምን ይሁኑ? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም በአገራችን ተዘግቶ እንደነበረም አንርሳ። (ሞት ግን አልተዘጋም።)

ስለዚህ የወር መዋጮና የስብሰባ ማስታወሻ ለቦቱ ይተው። ለለቅሶ ጥሪ ግን ቦቱ ከላከ በኋላ ስልክም ይደወል። ደዋዩም ያው ጥሩምባ ነፊው ይሁን እንጂ ከደመወዙ አይነሳ፤ ማን እንዴት እንደሚነገረው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቦቱን ለእድሮች ማበጀት ለእኛ ለዕጩ መምህራን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ከዚህ ወረቀት ግርጌ ይጻፍ።