የጋሼ ጠረጴዛ ሳይነሳ

ባለፈው ጥቅምት ጊታሬን ክር ላስቀይር አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ከእኔ ቀድሞ የገባ ወጣት አንድ ጊታር ከግድግዳው አስወርዶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሞክራል። እኛ ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው ባለሱቅ ቃኝተው ሰጡት። ቀጥሎ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው የግራ እጁን አያያዝ አዩና «አውራ ጣትህን ከአንገቱ ኋላ አድርገው፣ አታንቀው» አሉት። ልጁ እንዳሉት አደረገ። ድምፁ ወዲያው ጠራ። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ፤ ሦስት ጊታር አስወረደ። በመጨረሻም የወደደውን ገልብጦ ከውስጡ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር በስልኩ ፎቶ አነሳና «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ላስብበት» ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሲደውል ሰማሁት። «የቴሌግራም ቻናሉ ላይ ያየነው ራሱ ነው፤ እዘዘው።»

ጋሼም ሰምተዋል። ጊታሩን በጨርቅ ወልውለው ወደ ምስማሩ መለሱት። «የዚህ ሳምንት አራተኛው ነው» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ልጅና እንደ እሱ ለሆኑት ሁሉ ነው፤ ጊዜው እያለቀ ስለሆነ ነው የጻፍኩት። በከተማችን የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጡ፣ የሚጠግኑና የሚቃኙ ትንንሽ ሱቆች በዝምታ እየተዘጉ ናቸው። ሲዘጉ ማንም አያለቅስላቸውም። መሄጃ ማጣታችንን የምናውቀው መሣሪያችን የተበላሸ ቀን ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ምን እንደሆነ አይተናል። ለተማሪ የአንድ ሺህ ብር ልዩነት ቀላል አይደለም። ባለሱቁ የቤት ኪራይ አለበት፣ ቀረጥና ግብር አለበት። በቴሌግራም የሚሸጠው ሰው ብዙ ጊዜ ሱቅም፣ ጠረጴዛም፣ ሠራተኛም የለውም፤ ፎቶ ይለጥፋል፣ ስልክ ቁጥር ይጽፋል። ዋጋው ዝቅ ቢል አይገርምም። ነገር ግን ያ ልጅ ከሱቁ ይዞ የወጣውን እናስብ። የተቃኘ ጊታር ሞክሯል፤ ሦስቱን አወዳድሯል፤ አውራ ጣቱ የት መቀመጥ እንዳለበት ተምሯል። ይህን ሁሉ በነፃ ወስዶ ብሩን ምንም ላላደረገለት ሰው ላከ። እንዲህ ያለው ነገር በሳምንት አራት ጊዜ ሲደጋገም ሱቅ አይቆምም።

አሁን ደግሞ የታዘዘው ጊታር በካርቶን ከመጣ በኋላ ያለውን ልንገራችሁ። ጊታር አስተምራለሁና በየጊዜው የማየው ነው።

ርካሾቹ ጊታሮች በብዛት የሚሠሩት ቻይና ነው፤ ብዙዎቹም እርጥበት ከበዛበት ከደቡቡ ክፍል ይመጣሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ አየሯ ደረቅ ነው። እንጨት ደግሞ እርጥበት የሚስብና የሚተፋ ነገር ነው። ካርቶኑ በተከፈተ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንጨቱ ይኮማተራል። ብረት አይኮማተርምና አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት የብረት ፍሬቶች ጫፋቸው ከጠርዙ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። አንገቱም ይንቀሳቀሳል፤ ወይ ክሩ ርቆ ጣት ይቆርጣል፣ ወይ ፍሬቱን እየነካ ይንጣጣል። የሚያውቅ ሰው አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት በቁልፍ ሩብ ዙር አዙሮ፣ ጫፎቹን በሞረድ ለስልሶ፣ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ጀማሪው ግን ይህን ከየት ያውቃል? ጥፋቱን ከራሱ እጅ ያደርገዋል። «እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» ብሎ ጊታሩን አልጋ ሥር ያስገባል። እንዲህ ብለው የተዉ ተማሪዎች ነበሩኝ። እጃቸው ምንም አልነበረበትም።

ሌላ ልጨምር። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ አጎቱ ከቨርጂኒያ በሰው የላከለትን የጊታር አምፕሊፋየር እየተጣደፈ አመጣልኝ። አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም። ቤቱ ሰክቶት አንዴ «ጧ» ብሎ ጠፋ፤ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ወደ ጋሼ ወሰድነው። ገልብጠው ከጀርባው በትንሹ የተጻፈውን በጣታቸው አሳዩን፤ 120 ቮልት ይላል። የአሜሪካ መብራት ነው። የእኛ 220 ነው። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ጋሼ የጥገና ጠረጴዛቸው ላይ አድርገው፣ ብሎኖቹን ፈትተው ከፈቱትና መብራት አበሩበት፤ የጠቆረው ቦታ ፍንትው ብሎ ይታያል። «ልጄ፣ ከመሰካትህ በፊት ብታመጣልኝ ኖሮ ትራንስፎርመር ሰጥቼህ በሰላም ትሄድ ነበር» አሉት። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። በተቃጠለው ትራንስፎርመር ምትክ ከሌላ አሮጌ አምፕ አውጥተው ተኩለት፤ ለ220 አደረጉለት። ያ አምፕ ዛሬ ይሠራል።

ያ ጠረጴዛ ባይኖር ኖሮ አምፑ የሚጣል ቆርቆሮ ነበር። ጠረጴዛው እንዲኖር ደግሞ አንድ ሰው ከዚያ ሱቅ ጊታር መግዛት አለበት። ጥገና ብቻውን ኪራይ አይከፍልም። ጋሼ ራሳቸው እንደነገሩኝ ሱቁን ያቆመው የዕቃው ሽያጭ ነው፤ ጥገናው የሚኖረው በዚያ ጥላ ሥር ነው። ነገሩ ይህ ነው፤ ካነበባችሁት ሁሉ ይህችን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል።

ስለ ማይክም ላንሳ፤ ዘማሪዎችና ድምፃውያን በብዛት የሚታለሉበት እሱ ነው። ሹር ኤስኤም 58 የሚባለው ማይክ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ መድረክ ላይ ያለ ነው። ስለዚህም በብዛት አስመስለው ይሠሩታል። በፎቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ሳጥኑ ያው ነው፣ ጽሑፉ ያው ነው። ልዩነቱ እጅ ላይ ሲይዙትና ጆሮ ሲሰማው ነው የሚታወቀው። አንዲት የማውቃት ዘማሪት በኦንላይን የገዛችውን ይዛ መድረክ ወጥታ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። ከሻጩ ጋር ልትነጋገር ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ቻናሉም ስሙን ቀይሯል።

የእኛ ሙዚቃ የራሱ ጉዳይም አለው። ከፋብሪካ የሚመጣ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ ችክችካ የሚባለውን ምታችንን አያውቅም። ውስጡ የተጫነው ምት የሌላ ሀገር ምት ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን የሚያውቅ ጆሮ ያለው ሰው ምቱን መጫን፣ አንዳንዴም የነጠላ ድምፆቹን ቅኝት ከፍና ዝቅ ማድረግ አለበት። በየሠርጉ ብቻውን ኪቦርድ ይዞ ሕዝብ የሚያስጨፍረው ልጅ ያንን ምት ከየት ያገኘው ይመስላችኋል? ብዙዎቹ ፍላሽ ይዘው ሱቅ ሄደው ነው የጫኑት። ባለሱቁ ከአንዱ ኪቦርዲስት የተቀበለውን ለሌላው ይሰጣል፤ ሦስተኛው «ይቺን ትንሽ ቀይሬያታለሁ» ብሎ ይመልስለታል። እንዲህ እየተቀባበለ የመጣ ዕውቀት ነው። መጽሐፍ ላይ የለም።

ሱቅ በዚህ ሀገር ሙዚቃ ውስጥ ያለውን ቦታ የምንረሳው ታሪካችንን ስለምንረሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ ያንን ጥሶ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን የመጀመሪያ ሸክላ ያሳተመው ሰው ማን ነበር? ዐምሃ እሸቴ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነው። ሸክላ ሲሸጥ ደንበኞቹ የራሳቸውን ሀገር ዘመናዊ ሙዚቃ እንደሚፈልጉ አየ፤ ቅጂውን ወደ ህንድ ልኮ አሳተመና በሱቁ ሸጠ። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚያደምጠው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው ከአንድ ሱቅ ጀርባ ነው የተነሳው። ደንበኛ ገብቶ የሚያወራበት፣ ሙዚቀኛ ከሙዚቀኛ የሚገናኝበት ቦታ ባይኖር ያ ነገር አይወለድም ነበር።

ካሴት ቤቶቹንስ ታስታውሳላችሁ? ፒያሳ፣ መርካቶ፣ በየሰፈሩ አዲስ ካሴት ሲወጣ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙረው የሚያሰሙ ሱቆች ነበሩ። መጀመሪያ ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ ፍላሽ፣ ቀጥሎ ዩቲዩብ። አንድ ቀን ዞር ስንል አብዛኞቹ የሉም። ያኔ «ዘመኑ ነው» ብለን አለፍን። ከካሴት ቤቶቹ ጋር አብሮ የሄደውን ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ ለዘፋኙ ቅድሚያ ክፍያ የሚከፍለው አሳታሚ አብሮ ሄደ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ፒያሳ ብዙው ክፍሏ ሲፈርስ ነጋዴው ተበተነ፤ የቆየ ደንበኛ ሱቁን ፈልጎ የሚያጣበት ጊዜ መጣ። ከዚያ የተረፉት የመሣሪያ ሱቆች ናቸው አሁን በስልካችን የምንጨርሳቸው።

ይህ የድሃ ሀገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሳም አሽ የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ነበር። ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1924 ብሩክሊን ውስጥ የከፈቱት ነው፤ ለመነሻ ገንዘብ የሚስትየዋ ቀለበት በመያዣነት ተሰጥቶ እንደነበር ቤተሰቡ ይናገራል። አድጎ ከ40 በላይ መደብሮች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2024፣ ልክ መቶ ዓመቱን በደፈነበት ዓመት፣ ሁሉንም ዘጋ። ኒው ዮርክ ላይ በአንድ ወቅት ግራና ቀኙ በሙዚቃ መሣሪያ ሱቆች የተሞላው 48ኛ መንገድም ከእነሱ ባዶ ከቀረ ቆይቷል። እዚያ ቢያንስ መሣሪያው ሲበላሽ በዋስትና ተመልሶ የሚላክበት ፋብሪካ በቅርብ አለ። እኛ ወዴት እንልካለን?

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የባህል መሣሪያው ነገር ነው። በዐቢይ ጾም በገና የሚማሩ ወጣቶች ቁጥር ሲጨምር በማየቴ ደስ ይለኛል። ውጭ ሀገር ያሉ ወገኖቻችንም ለልጆቻቸው በገናና ክራር እየፈለጉ ነው። እዚህ ጋ እባካችሁ ተጠንቀቁ። በፎቶ ሲታይ ያማረ፣ እንጨቱ የተቀረጸ፣ በሐረግ ያጌጠ በገና ለግድግዳ ጌጥ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በገና አሥር የበግ አንጀት ክሮች አሉት። በያንዳንዱ ክርና ክሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ የሚነዝር፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። እንዚራዋ የፀጉር ያህል ወደ ፊት ብትገፋ ክሩ ይደነቁራል፤ ወደ ኋላ ብትመለስ እንደ ተራ ገመድ ይጮሃል። አንድ በገና ሠሪ ይህን ሲያደርግ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጆሮውን ከገበቴው አስጠግቶ፣ በጥፍሩ እየገፋ፣ እየመታ፣ እየሰማ አሥሩንም አንድ በአንድ አስተካከለ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ገዢዋ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ ሲጨርስ ሁሉንም አፍርሶ «አሁን አንቺ አድርጊው» አላት። ይህ በሣጥን ታሽጎ አይላክም።

ባለሱቆችም የሚሰሙት ቃል አለኝ። እኛን ያባረረን ስልክ ብቻ አይደለም። «ካልገዛህ አትንካ» የሚል ባለሱቅ አለ። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ እያወቀ በኦሪጂናል ዋጋ የሚሸጥ አለ። ዋጋ የማይለጥፍና ሰው ዓይቶ ዋጋ የሚጠራ አለ። ይህን የምታደርጉ ካላችሁ ገበያችሁን የወሰደባችሁ ቴሌግራም አይደለም። ዋጋችሁን ለጥፉ፤ እናንተም ስልክ ላይ ውጡ፤ ያላችሁን ዕቃ ፎቶ አንሱና «መጥታችሁ ሞክሩት» በሉ። የምትቃኙለትን፣ የምታስተካክሉለትን ለገዢው ንገሩት፤ ዝም ካላችሁ ዋጋችሁ ለምን እንደጨመረ ከየት ያውቃል?

ገዢዎች ሆይ፣ ከኦንላይን ፈጽሞ አትግዙ አልላችሁም። እዚህ የማይገኝ የሳክስፎን ሸምበቆ ወይም የድሮ ኪቦርድ መለዋወጫ ከሆነ እዘዙ፤ እኔም አዝዣለሁ። ግን ሱቅ ገብታችሁ የሞከራችሁትን ከዚያው ሱቅ ግዙ። የዋጋው ልዩነት ከበደ? ተከራከሩ። «ይህን ያህል ይዣለሁ፣ ቀሪውን በሁለት ወር» በሉ፤ ብዙዎቹ የሚያውቁትን ሰው እምቢ አይሉም፤ ጋሼ ስንቱን በዱቤ ጊታር አስይዘው እንዳሰናበቱ እኔ ምስክር ነኝ። ዘመድ ከውጭ ሊልክላችሁ ከሆነ ቮልቱን አስቀድማችሁ አስጠይቁ። ክር፣ ጃክ፣ ፒክና የማሲንቆ ጭራ፣ ትንንሹን ነገር ሁሉ ከሰፈራችሁ ሱቅ ውሰዱ። ቤተ ክርስቲያኖች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የባህል ቡድኖች ደግሞ በጅምላ ስትገዙ አንድ ትእዛዛችሁ የአንድን ትንሽ ሱቅ የብዙ ወር ኪራይ ሊሸፍን እንደሚችል አስቡ።

የጋሼ የኪራይ ውል መስከረም ላይ ያልቃል። «ያኔ እናያለን» ነው የሚሉት። ሱቋ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ናት። እናንተም በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሱቅ ካለ፣ የምትገዙት ባይኖር እንኳ አልጋ ሥር ያስቀመጣችሁትን ጊታር አውጥታችሁ በዚህ ሳምንት ይዛችሁ ሂዱ።