በሰባተኛ ክፍል ያልተጠየቀ ጥያቄ

ትምህርት ቤት ሴፕቴምበር 1 ይከፈታል፤ የአስጠኚዎች ማስታወቂያ ግን ቀድሞት ይደርሳል። እዚህ እስራኤል፣ በአሽዶድ የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ላይ ጫፉ በስልክ ቁጥር የተተለተለ ወረቀት ይለጠፋል። በክፍሉ ወላጆች ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጥሩ የሒሳብ ሞሬ ፕራቲ (የግል አስጠኚ) የሚያውቅ አለ?» ስም ይላካል፣ ዋጋ ይጠየቃል፣ ያበቃል። አንድ ሰዓት ሺዑር ፕራቲ (የግል ጥናት) ከመቶ ሼቄል በላይ ነው፤ ባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ሲቃረብ አንገት ያስደፋል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ልጅ፣ ለአንድ ትምህርት ብቻ ብንል እንኳ በወር ከአራት መቶ ሼቄል ይበልጣል። ሦስት ልጅ የምታሳድግ የጽዳት ሠራተኛ ይህን ሒሳብ ያለ አስጠኚ ትሠራዋለች።

እኔ የግል ጥናትን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ቅሬታዬ ሰዓቱ ላይ ነው። እኛ ገንዘባችንን የምናወጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ እንደነግጥና አስጠኚ እንፈልጋለን፤ ከሠራዊት ሲመለስ ደግሞ ለፕሲኾሜትሪ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና፣ ኮርስ በሺዎች የሚቆጠር ሼቄል እንከፍላለን። ከ200 እስከ 800 የሚቆጠረው ያ ፈተና በጥቂት ወራት ኮርስ የስድስት ዓመት ጉድለት እንዲሞላልን እንጠብቃለን።

ጉድለቱ የሚጀምረው ሐቲቫ (መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ውስጥ ነው። በብዙ ሐቲቫዎች ልጆች ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በሒሳብና በእንግሊዝኛ በሃቅባጻ (በችሎታ ደረጃ በተለየ ቡድን) ይከፈላሉ፦ አሌፍ፣ ቤት፣ አንዳንዴም ጊሜል። አሽዶድ ሰፈሮቿንም በፊደል የምትጠራ ከተማ ስለሆነች ይሆናል፣ ልጃችን አንድ ፊደል ዝቅ ሲል ብዙም አይከነክነንም። መከንከን ነበረበት። በታችኛው ሃቅባጻ ትምህርቱ ቀስ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ይዘቱም ያነሰ ነው። በላይኛው ያሉት ወደ ፊት ሲሄዱ የታችኞቹ ያንኑ ይደጋግማሉ፤ ርቀቱም ዓመት በመጣ ቁጥር ይሰፋል። አሥረኛ ክፍል ላይ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ዬሂዶት (የባግሩት የትምህርት ደረጃ) የሚባለው ምርጫ ሲመጣ ልጁ የሚመርጠው ነገር የለም። ከሦስት ዓመት በፊት ተመርጦለታል።

ያ ምርጫ የሚያወጣውን ዋጋ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ተምነውታል፤ ሒሳብን በአምስት ዬሂዶት ያለፈ ተማሪ በነጥቡ ላይ 35 ነጥብ ጉርሻ ያገኛል። በ2012 በአምስት ዬሂዶት የሚፈተኑት ቁጥር ወደ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር። በ2015 የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ናፍታሊ ቤኔት በይፋ ዘመቻ ከፈቱ፤ በጥቂት ዓመታትም ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም ወደዚያ መሮጥ ሲጀምር ቀድሞ የሚነሣው ማን እንደሆነ አይጠፋንም፤ ቤቱ አስጠኚ የሚመጣለት ልጅ ነው።

በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸውን ሊያስጠና የመጣውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጎረምሳ አይተው፣ «ልጄ፣ የተማረው አስተማሪ ጠዋት ሙሉ ይዞት ያላስገባለትን ይህ ልጅ በአንድ ሰዓት ያስገባለታል?» አሉኝ። «እማማ፣ አንዳንዴ አዎ» አልኳቸው። ጎረምሳው ከአስተማሪው ስለበለጠ አይደለም፤ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻ መቀመጥ ራሱን የቻለ ኃይል ስላለው ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለብቻው አስጠኚ የተመደበለት መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን እንደሚበልጥ ጻፈ። ከእሱ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ይህን ያህል ትልቅ ውጤት አላገኙም፤ ጥቅም መኖሩን ግን አልካዱም። የእኛ የኢትዮጵያ ተወላጆች ልጆች ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው። በይሉኝታ ያደገ ልጅ ሠላሳ ልጆች መሐል እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። አንድ ሰው ፊት ይለዋል።

ወላጅስ ራሱ ለምን አያስጠናውም? መልሱ ወደ ኋላ ይወስደናል። በዚያው በ1984 መጨረሻ የሙሴ ዘመቻ ወገኖቻችንን ከሱዳን ማምጣት ጀመረ። በ1991 የሰለሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ አሻገረ። ያኔ ጎረምሳ የነበሩት አብዛኞቹ በዓሊያት ሃኖዓር ፕኒሚያዎች (አዳሪ ትምህርት ቤቶች) አደጉ፤ ከአባትና ከእናታቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራ ሳይሠሩ ጨረሱ። ዛሬ ወላጅ የሆኑት እነሱ ናቸው። ዕብራይስጡ አላቸው። ሒሳቡን ግን ብዙዎቹ በሦስት ዬሂዶት ወይም በሙያ መስመር ላይ ትተውት ወጥተዋል። ስለዚህ ልጁ እኩልታ ይዞ ሲመጣ ወላጅ ከመክፈል ሌላ የሚሰጠው ያጣል። ይህን ድክመት የሚለው ሰው ካለ አልስማማም፤ የተሠራብን ነገር ውጤት ነው።

የግል ጥናት ጉዳቱስ? ገንዘቡን ተውት። የሚያሳስበኝ አስጠኚው ለትምህርት ቤቱ ማምለጫ መሆኑ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በዮም ሆሪም (በወላጆች ቀን) ቁጭ ብዬ የሰማሁት መልስ አሁንም ያናድደኛል፤ ልጁ ለምን ወደ ኋላ እንደቀረ ሲጠየቅ፣ «ሞሬ ፕራቲ ብትይዙለት ጥሩ ነው» ተባለ። ለምን እንደቀረ ግን አልተነገረም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለልጁ ያላስተማረውን ወላጅ ከኪሱ እንዲያስተምር መምከር፣ መድኃኒቱን ከሌላ ቦታ ግዙ እንደማለት ነው፤ ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይነገር። በዚያ ላይ ልጁ ራሱ ይለምደዋል። ክፍል ውስጥ ጆሮውን ይዘጋል፣ «ማክሰኞ ያስረዳኛል» ይላል። ማክሰኞ የመጣው አስጠኚ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤት ሥራውን ይሠራለታል፣ ፈተናው ያልፋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ትምህርቱ ግን ለልጁ አልገባውም።

ጦርነቱ ከጀመረበት ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ያሉትን ሳምንታት አስታውሱ። የአሽዶድ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሳይረን ይጮኽ ነበር፣ ትምህርት በዙም ሆነ። ማማዱ (የቤቱ መጠለያ ክፍል) ውስጥ ኮምፒውተር የነበረውና ያልነበረው፣ አስጠኚ በቪዲዮ የቀጠለለትና የቀረበት ልጅ ልዩነታቸው ያኔ ሰፋ። በሚቀጥለው ዓመት ሃቅባጻ ሲደለደል ማንም ያንን ጦርነት ከነጥቡ ላይ አልቀነሰላቸውም።

በነጻ የሚሰጥ ድጋፍ የለም ማለት ግን አይቻልም። ከአሽዶድ ብዙም በማትርቀው ሬሖቮት፣ በቫይዝማን ተቋም በ1974 የተጀመረው ፔራሕ እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በትምህርት ክፍያ ድጋፍ ምትክ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ከአንድ ልጅ ጋር ያስቀምጣል። የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክትም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በትናንሽ ቡድን ትምህርት ይሰጣል። እነዚህን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ልጅ ባግሩቱን የጨረሰው በእነሱ ነው።

ግን ከልጆቹ አፍ የምሰማውን መደበቅ አልፈልግም። ከሰዓት በኋላ ለድጋፍ ትምህርት ስም ሲጠራ የሚነሡት ሁሉ ጥቁር ሲሆኑ፣ የክፍሉ ልጆች «ይህ የኢትዮጵያውያኑ ቲግቡር (ማጠናከሪያ) ነው» ይላሉ። በሒሳብ 95 ያላት ልጅም ትጠራለች፤ አያቷ ከጎንደር ስለመጡ ብቻ። ከጎኗ የተቀመጠው፣ 50 ያመጣው የሩሲያ ወይም የጆርጂያ ተወላጅ ልጅ ግን አይጠራም። ልጅቷ ወደ ቤት የምትመልሰው መልእክት ምንድን ነው? ወገኖቻችን በቁጣ አደባባይ ከወጡበት ከ2015 ጀምሮ መንግሥት «ዴሬክ ሐዳሻ» (አዲስ መንገድ) ያለው ዕቅድ ዋና ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ለብቻ የተከለሉ ፕሮግራሞች ቀርተው ልጁ በመደበኛው አገልግሎት ውስጥ ይረዳ የሚል። ሐሳቡ ትክክል ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን የኛ ድርጅቶች ራሳቸው ያመነታሉ፤ «ለኢትዮጵያውያን» የሚለው ስም ከተነሣ በጀቱም አብሮ ይነሣል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ቢሆንም ድጋፍ በነጥብና በፍላጎት እንጂ በአያት አገር መሰጠት የለበትም።

የግል ጥናት በሕግ ይቆም የሚሉም አሉ። ደቡብ ኮሪያ በ1980 ከልክላ ነበር፤ ገንዘብ ያለው በድብቅ፣ በውድ ዋጋ ቀጠለ፣ በ2000 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ክልከላውን አፈረሰው። ቻይና በ2021 ለትርፍ የሚሠሩትን አስጠኚ ድርጅቶች በዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች ዘጋች፤ እዚያም ገበያው ከመሬት በታች ገባ። ወደ አገር ቤት ስንመለከት ደግሞ፣ በአዲስ አበባ አስጠኚ በየሰፈሩ ሞልቶ ሳለ፣ በ2022 ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር የተፈተኑት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ሳሎን ውስጥ የሚከፈለው ገንዘብ አይሞላውም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አስጠኚ ያዙ፤ ግን ልጁ የቱ ጋ እንደተሰናከለ ታውቆ፣ ለዚያ ብቻ፣ መቼ እንደሚቆም ተወስኖ። ክፍልፋይ ያልገባው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሁለት ወር በደንብ ቢረዳ፣ በአሥራ አንደኛ ክፍል ከሚከፈልለት ሙሉ ዓመት ይበልጥበታል።

ከዚያ በፊት ግን ትምህርት ቤት ሂዱ። በሰባተኛ ክፍል የመጀመሪያው ዮም ሆሪም ላይ መሓኔኬቷን (የክፍሉን ኃላፊ መምህርት) ልጄ የትኛው ሃቅባጻ ነው፣ በምን ፈተና ነው የተመደበው፣ ወደ ላይ ለመውጣት ምን ማምጣት አለበት፣ መቼስ ድጋሚ ይታያል ብላችሁ ጠይቁ። «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጸባዩ መልካም ነው» የሚለውን አመስግናችሁ ተቀበሉና ጥያቄውን ድገሙት። መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ዕብራይስጡ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሜጋሼር (በቋንቋና በባህል የሚያገናኝ ሰው) እንዲገኝ አስቀድማችሁ አሳስቡ፤ ልጃችሁን ግን ስለ ራሱ በሚባለው ነገር ላይ አስተርጓሚ አታድርጉት።