«እቤታችሁ ተለማመዱት» ይሉናል

እንግዲህ ጎበዝ፣ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተመዘገብነው ሦስት ነን። ለፉከራ አይደለም፤ የዕቃ ማድረስ ሥራ ልንጀምር ነው። ማሰልጠኛው ውስጥ (ስሙን አንጠራም) ለአንዲት ሞተር ተሰልፈን ፀሐይ ስንሞቅ እናረፍዳለን። ተራ ሲደርስ ሁለት ዙር፣ አሰልጣኙ ደስ ካለው ሦስት። ከዚያ ሰዓቱን ያይና «በቃ፣ የቀረውን እቤታችሁ ተለማመዱት» ይላል።

እቤታችሁ! የትኛው ቤት? በማን ሞተር? ከመካከላችን አንዱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ኮሪደሩ ላይ ይንዳ? መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያለ ፈቃድ መንዳት ክልክል ነው። ክልክል መሆኑም ተገቢ ነው። ታዲያ የከፈልነው ለምን ነበር? ሰልፍ ለመማር?

ሁለታችን ግን ዕድለኞች ነን። የአንዳችን አክስት ኮልፌ ሰፋ ያለ ግቢ አላቸው፣ ልጃቸው ደግሞ ቦክሰር አለው። እሑድ እሑድ ያውሰናል፤ ኪራዩ አጥቦ መመለስ ነው። የጀሞው ጓደኛችን እሑድን ሥራ ላይ ስለሚውል አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣው። ፈተናው ላይ የሚጠበቅብንን ስምንት ቁጥር በሁለት ብሎኬትና ውሃ በሞላንባቸው ሃይላንዶች ሠራነው። የልብስ ማስጫው ገመድ ተፈታ (አንገት ላይ የሚደርስ ገመድ ቀልድ አይደለም)፣ ውሻው ታሰረ። የእትዬ ጎመን ግን አልተረፈም። «ልጆቼ፣ ይሄ ስምንት የምትሉት ጎመኔ ላይ ነው እንዴ የሚያልፈው?» ብለውናል። መልስ አልነበረንም።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከማሰልጠኛው ይልቅ ያ ግቢ አስተምሮናል። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት በእግረኛ ፍጥነት የሚዞረው በጉልበት አይደለም። ፍሪሲዮኑን ጨርሰህ አትለቀውም፣ ጨርሰህም አትይዘውም፤ ሞተሩ መጎተት የሚጀምርባትን ቦታ ፈልገህ እዚያው ላይ ትቆያለህ። ነዳጁን ትንሽ ከፍ ታደርግና አትነካካውም። የኋላውን ፍሬን በቀኝ እግርህ ረገጥ ረገጥ። ዓይንህ ብሎኬቱ ላይ ከተተከለ ብሎኬቱ ላይ ትወጣለህ፤ ቀጥለህ ወደምትዞርበት ካየህ ሞተሩ ይከተልሃል። ይህን የነገረን የእትዬ ልጅ ነው። አንድ ነገር ደግሞ እየጮኸ ደጋግሞብናል፦ «የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ!» ልክ ነው። መሪው ታጥፎ ሞተሩ ሲንፏቀቅ የፊቱን ፍሬን ጨበጥ ያደረገ ሰው የሚገኘው መሬት ላይ ነው። የአንዳችን ክርን ምስክር ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከግቢው ስንወጣ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስንሄድ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር እናልፋለን። ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ያለ ፍሬቻ ጥግ ቢይዝ የሚያድነን የትኛው ፍሬን ነው? ያ የተከለከልነው! ሞተር በኃይል ሲያዝ ክብደቱ ወደፊት ስለሚሄድ፣ ዋናው የማቆም አቅም ያለው የፊት ጎማው ላይ ነው። እኛ ግን አራት እሑድ ሙሉ እጃችንን ከእርሱ ማራቅ ስንለምድ ከረምን። ፈተናውም የሚሸልመን በዚህ ነው።

«ምን ታካብዳላችሁ? እኛም ሰፈር ውስጥ ነው የለመድነው» የሚሉ አሉ። ለእነርሱ አንድ ጥናት እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው፣ ሃሪ ኸርት የመሩት የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 ያህል የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ መረመረ። አደጋ ከደረሰባቸው አሽከርካሪዎች 92 በመቶው በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። አብዛኛውን ጊዜ ለመዳን የነበራቸው ጊዜ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ብዙዎቹ የኋላውን ፍሬን ረግጠው ጎማውን አንሸራተቱ፤ የፊቱን ግን በቅጡ አልያዙም። አሜሪካ ነው፣ ጊዜውም ርቋል፤ ፊዚክስ ግን ኮልፌ ሲደርስ አይለወጥም።

እኛ አገር ስለ ሞተር የሚወራው ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ሲያግድ ምክንያቱ ቅሚያና ዘረፋ ነበር። ስለ ሰሌዳ ተወራ፣ ስለ መደራጀት ተወራ፣ ስለ ጂፒኤስ ተወራ። ነጂው በዝናብ፣ ኋላው ላይ ሳጥን ጭኖ፣ ኮብልስቶን ላይ መቆም ይችል እንደሆነ ግን ሲጠየቅ አልሰማንም። ሌባ ያልሆነ ነጂ ሁሉ ጎበዝ ነጂ ነው የተባለ ይመስላል።

ስለዚህ በእትዬ ግቢ የሚደረገውን ልምምድ የምንነቅፍ እንዳይመስላችሁ። ፍሪሲዮን መልመድ የሚገባው እንደዚያ ነው፣ በዝግታ፣ ሄልሜት አድርጎ (ግቢ ውስጥም ቢሆን፤ የብሎኬት ጠርዝ ግቢ ነው ብሎ አይራራም)። ጸባችን ግቢውን የማሰልጠኛው ምትክ ካደረጉት ጋር ነው። ኮርቻ ላይ የተቀመጥንበት ደቂቃ ተቆጥሮ ይሰጠን። ሜዳው ቅዳሜና እሑድ ይከፈት፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖረውም ይለማመድ። ፈተናው ላይ ከስምንቱ ቀጥሎ ሠላሳ ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ይጨመር፤ ፍጥነት ይያዝ፣ ፈታኙ እጁን ያንሳ፣ ተፈታኙም በሁለቱም ፍሬን ይቁም። አንድ ሜዳና አንድ ፊሽካ ይበቃዋል፤ ብድር የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

የፈተናው ቀን እኛ ሁለቱ አለፍን። ብሎኬት አልነካንም፣ እግር አላወረድንም። ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ እየሄድን አንድም ቀን በድንገት ቆመን አናውቅም፤ ማንም አልጠየቀንም። የጀሞው ጓደኛችን ሁለተኛው ዙር ላይ እግሩን አወረደና ወደቀ። እቤቱ ተለማምዶ እንዲመለስ ነግረውታል።