ጩኸት ሲጠራን

ለመሆኑ «እሪ» ብሎ የሚጮኽ ሰው ምን ማለቱ ነው? ባለፈው ክረምት እዚሁ አሰላ በተከራየሁበት ሰፈር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ስትል ሰማሁ። ግቢው በሙሉ ሰምቷል። መብራት ያበራ ግን አልነበረም፤ እኔም ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ። ጠዋት «ማታ ምን ነበር?» ተባባልንና ወደየትምህርታችን ሄድን።

ነገሩ ከሕሊናዬ ስላልወጣ ቃሉን መመርመር ጀመርኩ። እንግሊዞች «ሂዩ ኤንድ ክራይ» የሚሉት አሮጌ አባባል አላቸው። «ሂዩ» ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መጮኽ ነው። ዛሬ ለሕዝብ ቁጣና ጫጫታ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1285 በወጣው የዊንቸስተር ሕግ ግን ግዴታ ነበር፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ወንጀለኛውን ያሳድዳል፣ የአካባቢው ሰው ዘራፊውን ካላስያዘም ለጉዳቱ ይጠየቃል።

ታዲያ ይህ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? «አቤቱታ» የሚለው የቢሮ ቃላችን «አቤት!» ከሚለው ጩኸት የወጣ ነው። በኦሮምኛም «ኢያ» ጩኸት ነው፤ «ኢያታ» ደግሞ ለዳኛ የሚቀርብ ማመልከቻ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ከንጉሡ መስኮት ሥር «ጃን ሆይ» እያለ ፍትሕ የሚለምን አይጠፋም ነበር። በክረምት ባለጉዳይ ሲያንስ እንኳ የሚጮኹ ሰዎች ይዘጋጁ ነበር።

ለእኔ ግን ከሁሉም የአርሲው «ኢያ ሲንቄ» ይበልጣል። ሲንቄ ሙሽራ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። ባሏ የበደላት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች። የሰሙት ባለትዳር ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ የየራሳቸውን በትር ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ታይቶ በዳዩ እስኪክስም አብረዋት ይቆማሉ። እዚህ ላይ ጩኸት ድምፅ ብቻ አይደለም፤ የሰማውን ሁሉ ባለዕዳ ያደርጋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ፖሊስ አለ፣ ሕግ አለ፣ እኛን ምን አገባን?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ዱላ ይዞ መሮጥና በግምት ሰው መደብደብ የባሰ ጥፋት ያመጣል። ነገር ግን መብራት ማብራት፣ በር ከፍቶ «ማነው?» ማለት፣ ስልክ መደወል ማን ከለከለን? ሕጉም ቢሆን የሚደርሰው ጠሪ ሲኖር ነው።

በአዲስ አበባ ፒያሳ አጠገብ «እሪ በከንቱ» በሚል ስም የሚታወቅ ሰፈር አለ። ስሙን ስንሰማ እንስቃለን። ያን ሌሊት ግን የእኛም ሰፈር እሪ በከንቱ ነበር። እናንተስ፣ ማታ ጩኸት ስትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ?